ሦስቱ ፖሞች

እኛ የእንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት አዘጋጆች በምንሠራበት ክፍል መናገር ክልክል ነው። የምንፈልገውን በቁራጭ ወረቀት ጽፈን ለጎረቤታችን እናቀብላለን። በማሳቹሴትስ መኸር ሲገባ ደግሞ ሁላችንም ከየጓሯችን ፖም አምጥተን የመስኮቱ ደፍ ላይ እንደረድራለን። የፈለገ ይበላል፤ ካላንኮሻኮሸ።

ያን ዓርብ ፊት ለፊቴ የምትቀመጠው ሎርና ጭንቅ ላይ ነበረች። ቅጽሎች ሁለት ነገር ለማወዳደርና አንዱን ከሁሉም ለማስበለጥ እንዴት እንደሚያገለግሉ ለጀማሪ አንባቢ የሚያስረዳው ገጽ የመጀመሪያ ሥራዋ ነው። ዋና አዘጋጃችን ሚስተር ፔንሃሎ ግን ረቂቁን መልሶላታል። አብሮ የላከው ቁራጭ «ግልጽ አይደለም። እስከ ምሳ ካልተስተካከለ ገጹ ይቀራል» ይላል።

ረቂቁን አቀበለችኝ፦ «አወዳዳሪ ቅጽል አንድ ባሕርይ በከፍተኛ መጠን መኖሩን ያመለክታል።» ሁላችንም የምንጽፈው እንዲህ ነው። «ምን ጎደለው?» ብዬ ጽፌ መለስኩላት።

ሎርና ተነሥታ ከመስኮቱ ሁለት የጓሮዋን ፖሞች አመጣችና ጠረጴዛዬ ላይ ጎን ለጎን አስቀመጠች። እንቁላል እንኳ አያክሉም። አየቻቸው፣ አየቻቸውና ጮኸች፦

«ሁለቱም ትንንሽ ናቸው!»

ክፍሉ በሙሉ ቀና አለ።

«ኧረ ዝም በይ!» አልኳት በሹክሹክታ።

«አልልም! ይኼኛው ከዚያኛው ይበልጣል አይደል? ግን ትልቅ ነው?»

«የምን ትልቅ! አይጥ እንኳ አይጠግብበትም።»

«ታዲያስ! እኛ ‹ከፍተኛ መጠን› እያልን አንባቢው ትልቅ ፖም እንዲፈልግ እናደርገዋለን። ጎን ለጎን ማየት ብቻ ነው እኮ!» ሮጣ ሦስተኛ ጨመረች። «ይኼ ደግሞ ከሁሉም ይበልጣል። አሁንም ትንሽ ነው!»

ሚስተር ፔንሃሎ ከኋላዋ ቆሟል። ከመስኮቱ የራሱን ፖም አንሥቶ ከሦስቱ አጠገብ አኖረው፤ ጡጫ ያክላል።

«አሁንስ?» አለ። በዚያ ክፍል ድምፁን ሰምተን አናውቅም።

«አሁን ከሁሉም የሚበልጠው የእርስዎ ነው» አለች ሎርና። «የእኔው ግን ምንም አልቀነሰም። ጎረቤቱ ነው የተለወጠው።»

«እንዳልሽው ጻፊው። ፖሞቹንም አስገቢያቸው።»

እንደ ቆመች ጻፈችው፤ ገጹም ከምሳ በፊት ወደ ማተሚያ ቤት ሄደ። ያኔ ክፍሉ በጫጫታ ፈነዳ። የማን ፖም ከማን ይጣፍጣል በሚል እየገመጡ መጨቃጨቅ ሆነ። በመሀል ከሚስተር ፔንሃሎ ጠረጴዛ አንድ ቁራጭ ከእጅ ወደ እጅ ደረሰን።

«ጸጥታ!» ይላል። ከሥሩ ደግሞ፦ «ከሁሉም የሚጣፍጠው የእኔ ነው።»