የቀኙ ስፖኪዮ

«እኔ የምለው፣ ስፖኪዮውን እንኳ ሳያስተካክል የሚነዳ ሰው ምን ይባላል?» አለ የሟች ታናሽ ወንድም፣ የሻይ ብርጭቆውን እንደያዘ በግቢው ጥግ የቆመችውን አሮጌ መኪና በአገጩ እያመለከተ። የከባድ መኪና ሹፌር ነው፤ ከሞተር ጋር ሲጯጯህ የኖረ ሰው ሹክሹክታ አያውቅም። «የቀኙን እዩት። መንገድ አይደለም የሚያየው፣ ባዶውን ወንበር ነው። ወንድሜ እኮ ደክሞ ነበር። አልናገርም ብዬ ነው እንጂ።»

አጠገቡ የተቀመጡት ለቀስተኞች አቀረቀሩ። አልናገርም ብሎ ሲናገር ይህ የመጀመሪያው አልነበረም።

የሟች ሚስት ከበሩ አጠገብ ካለው አግዳሚ ላይ ሆና ሰማችው። ልትመልስለት ከንፈሯ ተላቀቀ፣ ከዚያ ጥቁር ሻርፗን ወደ አፏ ሳበች። ስፖኪዮው ለምን ባዶውን ወንበር እንደሚያይ ከእሷ በቀር የሚያውቅ ሰው የለም። ወንበሩ የእሷ ነው።

መኪናዋ ሁለት በር ያላት፣ ክብሪት ሳጥን የምታክል ቀላል ነገር ናት። ከኋላዋ ጣሪያዋ የጎበጠ ነጭ ተጎታች ቤት ቆማለች፤ አንድ ጎኗ ተፍቆ ላሜራው ይታያል። ሟች ሶፋ ሠሪ ነበር። ተጎታቿን ከውራጅ ብረት መሸጫ አምጥቶ ወለሏን አነጠፈ፣ አልጋዋን አለበሰ፣ መጋረጃዋን ራሱ ሰፋላትና «ሙሽሪት» አላት። ጎታቿ መኪና ደግሞ «ሚዜ» ሆነች። ለጠየቀው ሁሉ «አንድ ችግር ብቻ አለ፤ ሙሽሪት ከሚዜዋ ትከብዳለች» እያለ ይስቅ ነበር።

ነገሩ ግን የሚያስቅ አልነበረም። ቀላል መኪና ከበድ ያለ ተጎታች ይዛ ቁልቁለት ስትወርድ ተጎታቹ ጅራቱን መወዝወዝ ይጀምራል። መጀመሪያ ለዓይን እንኳ አይሞላም። ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል እንደሚባለው ነው፤ ሹፌሩ በመሪው ላይ ሲሰማው ጊዜው አልፏል፣ ደንግጦ ፍሬን ከረገጠ ደግሞ አለቀለት። መድኃኒቱ ቀድሞ ማየትና እግርን ከነዳጁ ላይ ቀስ አድርጎ ማንሳት ነው። ባልና ሚስቱ ይህን የተማሩት በመጀመሪያው ጉዟቸው፣ ነፍሳቸው አፋቸው ደርሳ ከተመለሰች በኋላ ነው። የግራው ስፖኪዮ ከመኪናዋ ጋር የመጣ ትንሽዬ መስተዋት ስለሆነ የራሷን በር እንጂ የምትከተላትን አያሳይም። ስለዚህ ሶፋ ሠሪው ትልቅ መስተዋት ገዝቶ በቀኝ በኩል ገጠመና ወደ ሚስቱ ዓይን አዞረው። ከዚያ ወዲህ እሱ ፊት ፊቱን ያያል፣ እሷ ኋላውን። ሙሽሪት መወዝወዝ ስትጀምር እሷ አትጮኽም፤ በዚያ ሞተር ማን ይሰማታል? መዳፏን ጉልበቱ ላይ ታሳርፋለች። እሱም እግሩን ያነሳል።

«እኔ እኮ ግማሽ ሹፌር ነኝ፤ ግማሹ ጋቢና ተቀምጧል» ይል ነበር።

ቀኑ እየገፋ ሲሄድ የለቅሶ ቤቱ ወሬ ወፈረ። ጎረቤቷ ትሪ ይዛ ስታልፍ ለሌላዋ «ቀምሶ ነበር ይላሉ» ስትል ተሰማች። አንዱ አንቀላፍቶ ነው ይላል፣ ሌላው ዓይኑ ፈዝዞ ነበር ይላል። ከሁሉም የባሰባት ግን ሰው «ብሎን» እያለ የሚጠራው መካኒክ፣ የባሏ የልብ ጓደኛ፣ የተናገረው ነው። ብሎን ሐዘኑን የሚወጣው በመዶሻ ነበር። «ማልቀሱ አልሆነልኝም እቴ፣ እስቲ ልቀጥቅጥ» ብሎ በየቀኑ እየመጣ የተጨማደደውን ፓራፋንጎ ሲያቃና ይውላል። አንድ ጊዜ መዶሻውን አስቀምጦ እጁን በጨርቅ እየጠረገ አጠገቧ ቆመ።

«ፍሬኗ ደህና ነው። መሪዋም፣ መጎተቻዋም። አንድ ሰበብ ባገኝላት ይሻለኝ ነበር» አላት። «ደግሞ ይቺ ተጎታች… ጎማዋ ሥር ያደረግሁትን ድንጋይ ሰነጠቀችው። ሌላ ቀየርኩላት። ግቢያችሁ ያጋደለ መሆኑን እስከ ዛሬ አላውቅም ነበር።»

እሷም አታውቅም ነበር። ነፋስ ሲነሳ ሙሽሪት ሲጥ ትላለች፤ አንዳንዴ የኋላው መጋረጃ ውስጥ ሰው ያለ ይመስል ይነቃነቃል። ለቀስተኛው ወንበሩን ከተጎታቿ እያራቀ፣ እያራቀ፣ ሁሉም ወደ ቤቱ ግድግዳ ተጠግቶ ነበር።

ባሏ የሞተ ዕለት ጠዋት ጉልበቷ አብጦባት ከቤት ልትቀር ሆነ። ልጃቸው መንገድ ቀያሽ ነው፤ ከተራራው ማዶ፣ ጭቃ ላይ በተተከለ ድንኳን ያድራል። አባት «ተጎታች ቤቷን ወስጄ አቆምለታለሁ» ብሎ ተነሳ።

«ኋላዬን ማን ያይልኛል?» አላት ቁልፉን እያንቀጫቀጨ።

«ስፖኪዮውን ወደ ራስህ አዙረውና ራስህ እየው! ዕድሜ ልኬን ጭራ ስጠብቅ ልኑር?»

እንደ ቀልድ ነው ያለችው። እሱም ስቆ «እሺ እመቤቴ» ብሏት ወጣ። አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም። ቁልቁለቱ ላይ ሙሽሪት ሚዜዋን ገፍታ ከመንገዱ ዳር ካለው የአፈር ግንብ ጋር አላተመቻት። መኪናዋ ይህን ያህል አልተጎዳችም፤ የሰውየው ደረት ግን መሪውን አልቻለውም።

ሰው መበታተን ሲጀምር ልጇ መጥቶ አጠገቧ ተቀመጠ።

«እማዬ፣ ሙሽሪትን ጎትቻት ልሄድ ነው። አባዬ ላደርስለት ብሎ ነው የሞተው። እኔ ላድርስለት።»

«በየት በኩል?» አለች፣ መልሱን እያወቀች።

«ሌላ መንገድ የለም እኮ።»

«ትሸጥ! ትቃጠል! አንተም ልትጨመርልኝ ነው?»

«ምን ይሆናል ብለሽ ነው?» አለ ሹፌሩ አጎቱ ከወዲያ። «ወንድ ልጅ ነው። ስፖኪዮውን አስተካክሎ ከነዳ ልጆች የሚጫወቱበት ቁልቁለት ነው።»

ልጁ ተነስቶ ወደ መኪናዋ ሄደ። መዳፉን በመስተዋቱ ላይ አድርጎ ወደ ሹፌሩ ወንበር ገፋው።

«ተወው!»

በቀብሩ ዕለት እንኳ እንዲህ አልጮኸችም። ለቀስተኛው ሁሉ ዞረ። ጉልበቷን ይዛ እያነከሰች ግቢውን አቋረጠች፣ የልጇን እጅ ከመስተዋቱ ላይ አነሳች፣ ያፈነችውን ሁሉ እዚያው በቁሟ አወጣችው፤ መስተዋቱ የማን እንደሆነ፣ መዳፏን የት ታሳርፍ እንደነበር፣ ያን ጠዋት ምን እንዳለችው።

«ባሌ አልጠጣም። አላንቀላፋም። ኋላውን የሚያይለት አጥቶ ነው» አለች።

«ታዲያ ለምን ወደ ራሱ አላዞረውም?» አለ ልጇ ቀስ ብሎ።

«እኔ ምን ላውቅ? ረስቶ ይሆናል። ወይ ደግሞ…» አልጨረሰችውም። ቦታዬን ሊያስነካብኝ አልፈለገም ይሆናል ማለት ከብዷት ነበር፤ ከዚህ በላይ የሚያቃጥላት ነገር አልነበረም።

ከመኪናዋ ሥር የመዶሻው ድምፅ ቆመ። ብሎን በጀርባው እንደተኛ «እንግዲህ ሰበቡ ተገኘ» አለ። አጎትየው ብርጭቆውን መሬት ላይ አስቀምጦ የጫማውን ጫፍ አየ።

ልጁ ግን ከሐሳቡ አልተመለሰም። የአባቱ ልጅ ነው። «አሁን አውቄያለሁ እማዬ፤ ራሴ አያለሁ» አላት።

«ኋላህን ስታይ ፊትህን ማን ያይልሃል? አባትህም ሁለት ዓይን ነበረው።»

የሚሄዱበት ቀን ሰማዩ ጠቁሮ፣ ነፋሱ የበሩን ቆርቆሮ ያንኳኳ ነበር። ብሎን ድንጋዩን ከጎማው ሥር ሲያወጣ ሙሽሪት ማንም ሳይነካት ወደፊት ገፋ አድርጋ መኪናዋን አነቃነቀቻት። አጎትየው የጋቢናውን በር ለወንድሙ ሚስት ከፍቶ ያዘላት። ጥቁሯን እንደለበሰች ገባች። በመስኮቱ እጇን አወጣችና መስተዋቱን ወደ ዓይኗ መለሰችው።

ዳገቱን ወጡት። ቁልቁለቱ አፋፍ ላይ ነፋሱ ከጎን መጣ። ከታች፣ መታጠፊያው ላይ፣ የተናደው አፈር ገና እንደቀላ ነው። ልጇ አንገቱን ወደዚያ ሲያዞር አየችው።

«ፊትህን!»

እሷ መስተዋቷን አየች። የሙሽሪት ነጭ ጥግ በመስተዋቱ ጠርዝ ብቅ አለ፣ ጠፋ። ብቅ አለ። አሁን ሰፋ ብሎ። ባሏ የሰፋው መጋረጃ በመስኮቱ ውስጥ ወዲያና ወዲህ ይወዛወዛል። ልትጮኽ ነበር። መዳፏን በልጇ ጉልበት ላይ አሳረፈች።

የልጇ እግር ወደ ፍሬኑ ሊሄድ ዳድቶ ቀረ፣ ከነዳጁም ላይ ቀስ ብሎ ተነሳ። ነጩ ጥግ አንዴ ወጣ፣ ገባ፣ ትንሽ ወጣ፣ ቀረ። ቀዩን አፈር አለፉት። መንገዱ እየለሰለሰ መጥቶ ሜዳ ሆነ።

«እማዬ፣ አለፍን እኮ» አለ ልጇ በቀጠነ ድምፅ።

«አዎ» አለችው፣ ዓይኗን ከመስተዋቱ ሳትነቅል። እጇን ግን ከጉልበቱ ላይ አላነሳችውም።