እግሩ የተቆረጠ ወንበር

እና የካቲት 2011 ዓ.ም. ነው፣ ማክሰኞ ከሰዓት፣ ደብረ ማርቆስ፣ ከፍርድ ቤቱ አጠገብ ባለችው የጽሕፈት ክፍል አምደሚካኤል የባለጉዳዩን የአባ ቢተውን አቤቱታ በኮምፒውተር ይተይባል፣ አውራ ጣቱ የት እንዳለ ግን አያውቅም፣ ጠቋሚውም፣ የመሃሉም፣ በዓይኑ ካልተከተላቸው ቁልፉን ይንኩት አይንኩት አይነግሩትም። ሦስት ጣት። የቀኝ እጅ። ነርቩ የእጅህ አንጓ ላይ ታፍኗል አለው ትናንት ሐኪሙ፣ ለስንት ዓመት ነው እንዲህ የተቀመጥከው፣ ሃያ ሁለት ዓመት፣ አንጓውን የጠረጴዛው ጠርዝ ላይ ጥሎ፣ እጁን ከአንጓው ወደ ላይ ቀልብሶ፣ አንገቱን ወደ ባለጉዳዩ አዙሮ፣ ይመለሳል ወይ ዶክተር፣ ሐኪሙ ወረቀቱን ማገላበጥ ያዘ።

ቅዳሜ ቅዳሜ ፒያኖ የሚያስተምሩት፣ ጡረታ የወጡት የሙዚቃ መምህርት ወይዘሮ አይናዲስ መጀመሪያ ፒያኖው ፊት ያስቀመጡት ዕለት ገና ድምፅ ሳያወጣ አወቁበት፣ አቶ አምደሚካኤል፣ ይኼ የጸሐፊ አቀማመጥ ነው፣ ክርንዎ ከቁልፉ በታች አይውረድ፣ አንጓዎን አያሳርፉ፣ ኃይሉ ከትከሻ ይምጣ፣ ጣት ብቻውን አይቆፍር አሉት፣ እዚያ ጀርባው ይቀናል፣ ቁልፉ ክብደቱን ይጠይቀዋል፣ ቢዳብሰው ሌላ ቢጫነው ሌላ ይመልስለታል፣ ኮምፒውተሩ ምን ይጠይቃል፣ ቢዳብሰውም ቢደበድበውም ያው ፊደል ነው። በሃምሳ ሦስት ዓመቱ። አንዲት ዜማ ከዳር እስከ ዳር መጫወት፣ ለራሱ የፈለገው ይህን ብቻ ነበር፣ ቅዳሜ ዕለት ግን ጣቶቹ መሃል ላይ ጠፉበት።

ጻፍ እንጂ ልጄ ይላሉ አባ ቢተው፣ ምነው ፈዘዝህ፣ ጎረቤቴ ወሰኔን ገፍቶ አረሰ በል፣ አህያዬንም ሰደበ በል፣ አባ፣ አህያ ተሰደበች ተብሎ አይከሰስም፣ አይከሰስም? ከእሱ እኮ እሷ ትሻላለች!

ይስቃል፣ ጣቱ ይስታል፣ ይሰርዛል። ወንበሩን ከፍ ማድረግ ነበረበት፣ ግን የወንበሩን እግሮች በመጋዝ የቆረጣቸው ራሱ ነው፣ ሥራ በጀመረ በሳምንቱ፣ የባለጉዳዮቹ አግዳሚ ዝቅ ያለ ነው፣ ከቁይ፣ ከደብረ ኤልያስ የመጡ ሽማግሌዎች ከታች አንጋጠው ሲያናግሩት ጨነቀው፣ ማን ሆኖ ነው ከአባቶቹ በላይ የሚቀመጠው፣ ቆረጠው፣ አግዳሚውን ከፍ ማድረግ እንደሚቻል እንኳ አልታየውም። ያን ያህል ዓመት። አልታየውም።

አባ፣ ወንበሬን ከፍ ባደርገውስ፣ እንዴት፣ ዳኛ ልትሆንብን? ዝቅ ብለህ ስለምትሰማን አይደል እንዴ ወዳንተ የምንመጣ!

ዝቅ ይላል። ይተይባል። ቅዳሜ ወደ ወይዘሮ አይናዲስ አይሄድም፣ የሚቀጥለውም ቅዳሜ፣ ጣቴ ሞተ ብሎ እሳቸው ፊት መቆም፣ ቀጥ ብለው በሚቀመጡት ሴት ፊት፣ አይችልም፣ ሥራ በዛብኝ ብሎ ይልክባቸዋል፣ ይቅር፣ ከነጭራሹ ይቅር።

በ2016 ዓ.ም.፣ ወይዘሮ አይናዲስ ካረፉ በኋላ፣ እህታቸው ሥራነሽ ነገረችው፣ እሱን ያስተምሩ በነበረበት ዘመን የእሳቸውም ሁለት እጆች ደንዝዘው፣ የፒያኖውን ቁልፍ የሚለዩት በዓይናቸው ብቻ ነበር።