የእሁድ ማታ እግሮች

እስቲ ጠጋ በሉና አረፍ በሉ። እግራችሁንም ዘርጉ፤ እኔ ዘንድ ነውር የለም። የማጫውታችሁ ቁጭ ብሎ ማረፍ ስላቃተው አንድ ፀጉር ቆራጭና ስለ ሚስቱ ነው።

ፀጉር ቆራጩ ሞቶ ለቅሶ ላይ ነን። የሟቹ ታላቅ እህት ከቤቷ ያመጣችውን የቡና ፔርሙስ፣ እንግዶቹ ሁሉ ዞረው እስኪያዩ ድረስ፣ ጠረጴዛው ላይ ጓ አድርጋ አስቀመጠችው።

«የቡና ፍሬ የማይገኝበት የለቅሶ ቤት አይቼ አላውቅም» አለች። «ወንድሜ እዚህ ቤት እንዴት እንደኖረ ዛሬ ገባኝ።»

ሚስቱ ከመስኮቱ ሥር ተቀምጣለች። ሰምታለች፤ ግን ነገሩ የሌላ ሰው በር እንደተንኳኳ ሆኖ አለፋት። ባሏን ከቀበረች ወዲህ እንባ የሚባል አልወጣትም። ሰው ሲገባ ትነሣለች፣ ሲያቅፏት ትታቀፋለች፣ «እግዜር ያጥናሽ» ሲሏት «አሜን» ትላለች፣ ትቀመጣለች። ከበሩ አጠገብ ሁለት ጎረቤቶች ይንሾካሾካሉ።

«ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም ይባል የለ?»

«ተይ እባክሽ፣ ደንዝዛ ነው።»

«እሺ ትደንዝዝ። ፔንዱለም ግን እንዴት ከስቶ እንደነበር አላየሽም? ያንን የሚያህል ሰው በጎመን አሟጠጠችው።»

ፔንዱለም የሚሉት ሟቹን ነው። ቀን ቀን በደንበኛው ዙሪያ እየተሽከረከረ ሲሠራ ምንም አይለውም። ማታ ቤቱ ገብቶ ገና ቁጭ ከማለቱ ግን እግሮቹ ይጀምሩታል። ውጋት አይሉት፣ ቁርጥማት አይሉት። «አጥንቴ ውስጥ ጉንዳን ይርመሰመሳል» ይላት ነበር። ካልተነሣ አይተወውም፤ ስለዚህ ከበር እስከ መስኮት፣ ከመስኮት እስከ በር ይመላለሳል። ሰው ቤት ቢጋበዝ የሚበላው ቆሞ ነው። አንዳንዱ ኩራት መስሎት ተቀየመው፤ አንዳንዱ እንደ ግድግዳ ሰዓት ዘንግ ወዲያ ወዲህ ይላል ብሎ ይህን ስም አወጣለት። እሱም «ሰዓታችሁ ከቆመ እኔን እዩ» እያለ አብሮ ይስቃል።

ሐኪሙ ደሙን አስመርምሮ፣ «ብረት አንሶሃል። መድኃኒቱን ዋጥ፣ ምግብህን አስተካክል፣ ቡናውንም ተወው፤ እግርህን የሚያብሰው እሱ ነው» አለው። ከዚያ ወዲያ ወጥ ቤቱ ለሚስቱ ትምህርት ቤት ሆነ። ጉበት ትጠብሳለች፣ ምስር ትቀቅላለች፣ ብረቱ ከሰውነት እንዲዋሃድ ጎመኑ ላይ ሎሚ ጭመቂበት ብለዋት ትጨምቃለች። ሽታው እንዳይፈትነው ቤት ያለውን ቡና ሁሉ ለሰው ሰጠች፤ ራስ ምታቱን ችላ እሷም አብራው ተወች።

ቀስ በቀስ ለውጥ መጣ። ሰኞ ጋብ አለለት፣ ረቡዕ ጋብ አለለት። አንድ ቅዳሜ እራቱን ተቀምጦ ጨረሰና እዚያው ወንበሩ ላይ እንቅልፍ ወሰደው። እሷ የታጠበ ሳህን ይዛ፣ ባስቀምጠው ይንኳኳና ይነቃብኛል ብላ፣ እዚያው እንደቆመች ቀረች።

እሁድ ማታ ግን እግሮቹ እንደ ድሮው ያብዳሉ። «ዛሬ ምን አበላሁት?» እያለች ትብሰለሰላለች። እሁድ እንቁላል ትሠራለት ነበር፤ እንቁላሉን አስቀረች። ቀጥሎ ቲማቲሙን ጠረጠረች። ከዚያ ወተቱን፣ ከዚያ ድንቹን። በመጨረሻ የእሁድ ገበታ ላይ ከጎመንና ከምስር በቀር የቀረ ነገር አልነበረም።

«ዛሬስ ማን ተረፈ?» ይላታል፣ ሳህኑን አየት አድርጎ።

«እኔና አንተ» ትለዋለች።

ይስቃል፣ ይበላል፣ ተነሥቶ ይመላለሳል። ሰውነቱ ግን እየሟሸሸ ሄደ፤ ሰውም አየ። ከዚያ አንድ ቀን ሱቁ ውስጥ፣ መቀሱን እንደያዘ፣ ልቡ ቀጥ አለች።

አሁን እህቱ ቡናውን እየቀዳች ለእንግዶቹ ታድላለች።

«እኔማ አላስችል ይለኝ ነበር» አለች ለሁለቱ ጎረቤቶች፣ ሚስቱም እንድትሰማ። «እሁድ እሁድ ሊጠይቀኝ ሲመጣ ጥቁር ቡና በትልቁ ስኒ ነበር የምሰጠው። ‹ይቅርብኝ እትዬ› ይላል። ‹ከአንተ ጋር አንድ ጡት የጠባሁ እህትህን እምቢ ልትል?› እለዋለሁ። ይጠጣል፤ እደግምለታለሁ። እዚህ የተነፈገውን እኔ ቤት አላጣም።»

ሚስቱ ቀና አለች። እንቁላሉ፣ ቲማቲሙ፣ ወተቱ፣ ድንቹ አንድ በአንድ በፊቷ አለፉ። ሁሉም ንጹሕ ነበሩ።

«እሁድ?» አለች።

«አዎ፣ እሁድ። ምነው?»

አንድ ቃል ብቻ ይበቃት ነበር። ከስቶ ያዩት ሁሉ፣ በጎመን ገደለችው ያሉት ሁሉ፣ ፊታቸውን ወደ እህቱ ያዞሩ ነበር። ቃሉ ምላሷ ላይ ደርሷል። እህቱም ሞኝ አይደለችም፤ ፔርሙሱ እጇ ላይ ቀረ።

«አንቺ» አለች ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «እሁድ ማታ ይብስበት ነበር እንዴ?»

ሚስቱ የእህቱን ግንባር አየች። የእሱ ግንባር ነው።

«ከእርስዎ ዘንድ ሲመጣ ደስ ብሎት ነበር፣ እትዬ» አለች። «እያፏጨ ነበር የሚገባው።»

ይህም እውነት ነው። እህቱንም ሚስቱንም እንዳያስቀይም፣ የቡናውን ነገር ሆዱ ውስጥ ቀብሮ፣ እያፏጨ ይገባ ነበር።

እህቱ ሌላ አልጠየቀችም። ፔርሙሱን አስቀምጣ መጣችና ከአጠገቧ ዘፍ አለች። ቆማ ስለዋለች ያበጠ እግሯን ዘረጋች። የሚስቱ እጅ፣ እሷ ሳታዘው፣ ወደዚያ እግር ወረደ። ማታ ማታ ለባሏ ታደርግለት እንደነበረው፣ ከቁርጭምጭሚት እስከ ጉልበት ታሸው ጀመር።

«ተይ እንጂ፣ ሰው ፊት» አለች እህቱ። ግን አልሰበሰበችውም።

ሚስቱ ያ እግር እስኪወራጭ ጠበቀች። አልተወራጨም። መዳፏ ሥር ዝም ብሎ ተኛላት። እጇ ግን አላቆመም።

እንግዲህ ልጆቼ፣ ስትሄዱ ያንን ለሁለት ሴቶች ሲል ዝም ያለ ሰው ለአፍታ አስቡልኝ።