የፋርማሲው ተንበርካኪ

ሥራዬ ከባዕድ አገር ለሚመጡ የፍቅር ፊልሞች ድምፅ መስጠት ነው። ሴቷ አፏን ትከፍታለች፣ እኔ እናገርላታለሁ። ይህን ሁሉ ዓመት ስሠራ አንዷም እንኳ ባል ስትመርጥ አላየሁም። ወንዱ ይመርጣታል፤ እምቢ ትላለች፤ ዝናብ ላይ ይቆምላታል፤ እሺ ትላለች። ለካ ለትዳር የሚያበቃው ዝናብ መቻል ኖሯል! አዘጋጃችን ደግሞ የሴቷን "እምቢ" ባልኩ ቁጥር ከስቱዲዮው መስታወት ማዶ እጁን ያወናጭፋል።

"እንደሱ አይደለም፣ ትንሽ አጣፍጪው! ተመልካቹ ኋላ እንደምትለሰልስ ይወቅ እንጂ።"

አጣፍጬ እደግመዋለሁ። ምን ይደረግ፣ ሆድ ነው።

ታናሽ እህቴ ፋርማሲ ውስጥ ትሠራለች። አንድ ሽቶ ነጋዴ ወደዳት፤ እሷ አልወደደችውም። ነገሩ እዚህ ላይ ማለቅ ነበረበት። ሰውየው ግን በፊልም ያደገ ነውና እምቢታዋን እንደ መጀመሪያ ክፍል ቆጠረው። በየቀኑ አበባ ታቅፎ ባንኮኒው ፊት ይንበረከክ ጀመር። በሽተኛው እሱን ዞሮ ነው መድኃኒት የሚገዛው። የፋርማሲው ባለቤት ሰውየውን ውጣ እንደማለት እህቴን ጠርቶ፣ "ወይ እሺ በይውና ይገላግለን፣ ወይ ሥራሽን ልቀቂ" አላት። እናታችንም ብትሆን፣ "ወንድ ልጅ ተንበርክኮልሽ ምን ያኮራሻል?" ከማለት በቀር የፈየደችላት የለም።

በማግስቱ ራሴ ሄድኩ። ተንበርክኳል። ወረፋ የያዙት ሴቶች እንባ አቅርረዋል። አንዷማ ሳል እያጣደፋት፣ "ምናለ እሺ ብትዪው፣ አንቺ ልበ ደንዳና!" ትላለች።

"አልፈልግህም፣ ተነስ" አለችው እህቴ።

አጨበጨቡለት።

"አንተ ሰውዬ፣ ትንሽ አታፍርም?" አልኩት ከበሩ ላይ።

ዘወር ሲል ፊቱ በራ። "ይሄን ድምፅ አውቀዋለሁ! የፊልሟ ልጅ! እትዬ፣ በሞቴ፣ ያቺን እሺታ አንዴ በያትና ትስማው!"

ወረፋው ተንጫጫ። "እሷ ናት! እሷው ናት!"

ደሜ ፈላ። ያንኑ የሚወዱትን ድምፅ አውጥቼ፣ ምንም ሳላጣፍጥ፣ "አትፈልግህም። ተነስና ውጣ" አልኩት።

ሴቶቹ እንባቸውን ጠራረጉ።

"ውይ፣ እሷ ካለችማ አለቀ" አለች ሳላሟ።

"ተነስ እንጂ ሰውዬ፣ አልሰማህም?" አለ ሌላው። ሰውየውም ጉልበቱን አራግፎ አበባውን እንደታቀፈ ወጣ። ባለቤቱ ከጓዳ ብቅ ብሎ እህቴን፣ "ካለቀማ ሥራሽን ቀጥዪ" አላት።

ምስጋና ስጠብቅ እህቴ ነጭ ካፖርቷን አውልቃ ባንኮኒው ላይ አስቀመጠችው።

"ወዴት ነው? ሥራሽ እኮ ተረፈልሽ!" አልኳት።

"ወር ሙሉ እኔ ስናገር የሰማኝ የለም። አንቺ አንዴ ብትናገሪ ሁሉም ሰማ። እንግዲያው መድኃኒቱንም አንቺው ስጫቸው" አለችኝና በሩን በርግዳ ወጣች።

ልከተላት ስል ሳላሟ ክንዴን ያዝ አደረገችኝ።

"እኔ የምልሽ፣ መጨረሻው ላይ ግን ታገባዋለች አይደል?"