የአብነት መብራትና የአባዬ ገመድ

ቀይ! በቡራኬ ሰዓት ቀይ! ከዚያ አረንጓዴ፣ ከዚያ ሐምራዊ፣ ከዚያ ሁሉም በአንድ ላይ። ቦንጋ በሚገኘው የቤተ ክርስቲያናችን አዳራሽ፣ በታናሽ እህቴ በዝማሬ ሠርግ፣ ከመድረኩ ኋላ የተዘረጋው መብራት አብዶ ይርገበገብ ጀመር። ፓስተሩ አፋቸውን ከፍተው ቀሩ። እኔም ክው አልኩ፤ እጄን አፌ ላይ ጭኜ ማውረዱን ረሳሁት።

መብራቱን የሠራው ሙሽራው ራሱ ነው። አብነት ገበያው አጠገብ ትንሽ የኤሌክትሮኒክስ ሱቅ አለው፤ እያንዳንዷ አምፖል ለብቻዋ የምትታዘዝባቸውን ረጃጅም የመብራት ጥብጣቦች በየሠርጉ ይዘረጋል። ከዋጫ ከተማ ቡና እየጫነ የሚነግደው አባዬ፣ ጋሽ ባፈና፣ ግን ይህን ሥራ ብሎ አይጠራውም። ሽምግልናው ያለቀ ዕለት በሁላችንም ፊት እንዲህ አለው፦ "በራስህ ሠርግ ላይ አብራውና እንየው። ካሳፈረን ግን ሱቁን ዘግተህ ቡና መጋዘኔ ትገባለህ።" ያ ግትር ልጅ ደግሞ "እሺ ጋሼ፣ ይሁን" ብሎ ቃል ሰጠ። አብነት ቃሉን አያጥፍም። የዚያን ቀን ሁለቱንም በጥፊ ባጠናግራቸው ደስ ይለኝ ነበር።

ትናንት ሲሞከር እኮ ጸጥ ያለ ነጭ ነበር! ታዲያ ምን ነካው?

አብነት ዞር ብሎ ጥብጣቡን አየ። ከዚያ ግድግዳውን ታክኮ እስከ በሩ የሚሄደውን ወፍራም ጥቁር ገመድ አየ። እኔም አየሁት። የአባዬ መጋዘን ገመድ ነው።

ነገሩ የሆነው ጠዋት ነው። መብራቱን የሚያዘው ትንሽ ሳጥን መድረኩ ላይ ካለው የሽማግሌዎቹ አግዳሚ ጀርባ፣ ከጥብጣቡ ሥር ተቀምጦ ነበር። በቡራኬው ሰዓት አንድ ሰው አጎንብሶ ገብቶ ማብሪያውን ሊጫን ታስቦ ነበር። አባዬ ይህን ሲሰማ እሳት ሆነ። "ሽማግሌ እየመረቀ ከጀርባው እንደ ሌባ የሚሹለከለከው ማነው? በእኔ ልጅ ሠርግ? በፍጹም!" ሳጥኑን ነቅሎ በሩ ጋ ወዳለው የድምፅ ማጉያ ጠረጴዛ ወሰደው፤ ከጥብጣቡ ጋርም በመጋዘኑ ገመድ በገዛ እጁ ቀጠለው። ገመዱ ወፍራም ስለሆነ አስተማማኝ መሰለው። ለአብነት አልነገረውም።

ወደ ሙሽራው ጠጋ ብዬ "ምን ሆኖ ነው?" አልኩት።

"ርቀቱ ነው" አለ በሹክሹክታ። "ኤሌክትሪክ አላነሰውም። ከሳጥኑ የሚወጣው ትእዛዝ ነው መንገድ ላይ የሚበላሸው፤ አምፖሎቹ ጋ የሚደርሰው የተቆራረጠ ነገር ነው። ሳጥኑ እዚህ ሥር ቢመለስ ይስተካከላል።"

"ታዲያ ገመዱን ማን እንደቀጠለው ተናገራ!"

"ጋሽ ባፈናን በሕዝብ ፊት ላዋርዳቸው? አልናገርም። መጋዘን እገባለሁ።"

ዝማሬ አጠገቡ ቆማ እንባዋ ይወርዳል። ቀጥ ብዬ ሄጄ አባዬ ጆሮ ላይ "የአንተ ገመድ ነው! ሳጥኑን ስላራቅኸው ነው!" አልኩት።

ፊቱ አመድ መሰለ። ይጮኽብኛል ብዬ ስጠብቅ ተነሣ። ሳጥኑን ከጠረጴዛው ነቅሎ ወደ መድረኩ ሄደ። ከዚያ በኋላ ያየሁትን እስከ ዛሬ ለማመን ይቸግረኛል። ለማንም አጎንብሶ የማያውቀው አባዬ፣ በአዲሱ ሱፉ፣ በእጁና በጉልበቱ እየዳኸ ከሽማግሌዎቹ ጀርባ ገባ!

ሽማግሌዎቹ ዞረው ለማየት አልደፈሩም። አባዬ ጠዋት የነቀለውን የጥብጣቡን ሶኬት ሳጥኑ ላይ መልሶ ሲሰካ መብራቱ ነጭ ሆነ፤ ነጭ ብቻ፣ አንዴም ሳይርገበገብ። ፓስተሩ ትንፋሻቸውን ሰብስበው ቡራኬውን ቀጠሉ። አባዬ ግን አልወጣም። በምርቃት መሀል ከሽማግሌ ጀርባ ብድግ ማለት ደግሞ ለእሱ የባሰ ነውር ነው። እዚያው ተንበርክኮ ቆየ።

ቡራኬው እንዳለቀ ከአግዳሚው ጀርባ ድምፁ መጣ።

"አብነት! ሱቅህ አይዘጋ!"

ቀድመው "አሜን" ያሉት ሽማግሌዎቹ ናቸው፤ ከዚያ አዳራሹ ሁሉ ተከተለ። አሜን ለማለት ያቃተው አብነት ብቻ ነበር፤ ያለቅሳል።