አሥራ አምስተኛዋ ተማሪ

«ጎሽ እንኳ አትይኝም?» አለ ዌንዴል። «አሥራ አራት ነበሩሽ፤ አሥራ አምስተኛዋን በእጄ ይዤ አመጣሁልሽ። አሁን ደግሞ ልጅቷ አልጣመችኝም ትያለሽ።»

«አልጣመችኝም አላልኩም። ምንም አትሠራም ነው ያልኩት።»

«ያው ነው።»

«ያው አይደለም! ሁለት ሳምንት ሙሉ ባዶ ወረቀት ነው የምትመልስልኝ። ስሟን ትጽፋለች፣ ቀኑን ትጽፋለች፣ አለቀ። ስጠይቃት ‹ሲ፣ ሴኞራ›፤ ‹አዎ፣ እሜቴ› ብቻ። ሌላ ስጠይቃት ‹ሲ፣ ሴኞራ›። ገደል እንኳ ሲጠሩት የሰማውን ነው የሚመልሰው።»

«ታፍራለች።»

«ትንቀናለች እንጂ! የእናቷን ቋንቋ ከበቆሎ ገበሬ ልጆች ጋር ቁጭ ብሎ መማር ውርደት መስሏታል። አልፈርድባትም። ግን ዜሮ እየሰጠሁ ላስቀምጣት አልችልም።»

ዌንዴል ክሮፍት የትምህርት ቤቱ አማካሪ ነው፤ ተማሪ ሁሉ የትኛው ክፍል እንደሚገባ የሚደለድለው እሱ ነው። በሩን በእግሩ ገፋ አድርጎ ዘጋና ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«ሎይስ፣ ስሚኝ። ዓርብ ከሰዓት ርዕሰ መምህሩ ስም ዝርዝሩን ይወስዳል። ከአሥራ አምስት በታች የሆነ ክፍል ይታጠፋል። አምና ጀርመንኛውን ማን አዳነው? ማንም። ስለዚህ ልጅቷ ባዶ ወረቀት ትመልስ፣ ታንቀላፋ፣ ካሻት የጣሪያውን ቀዳዳ ትቁጠር። ወንበሩ ላይ ትገኝልሽ እንጂ ሌላው ምን ቸገረሽ?»

ሎይስ ቦርሳዋን አንስታ ወጣች።

ሎይስ ዲትማር በዚህ የኔብራስካ ከተማ ስፓኒሽ ማስተማር ከጀመረች ሀያ ዘጠነኛ ዓመቷን ይዛለች። በየዓመቱ መስከረም ሳይጠባ ስልሳ የሚያህሉ ልጆች የስፓኒሹ አንደኛ ደረጃ ላይ ይሳፈራሉ፤ ደረጃው አራት ነው። ዩኒቨርሲቲው የሚጠይቀው የሁለት ዓመት ትምህርት ስለሆነ ሁለተኛው ደረጃ ሲያልቅ አብዛኞቹ ፌርማታቸው እንደደረሰ ሰው ዱብ ዱብ ይላሉ። ሦስተኛው ላይ ሀያ አምስት ቢቀሩ ነው። አራተኛው ላይ የሚደርሱት ወይ ቋንቋው የገባቸው ወይ መውረጃቸውን የረሱ ናቸው።

እሷ ደግሞ ዘንድሮም ከታች ትጀምራለች። ስሜ እከሌ ነው፤ ቤቴ ቀይ ነው፤ ወንድሜ ረጅም ነው። የአምናው ስህተት፣ የካቻምናው ስህተት፣ ዛሬ ያሉት ልጆች አባቶች የሠሩት ስህተት። በጉሮሮዋ ላይ የተቀመጠው ድካም ክረምቱን ሙሉ ብታርፍም አልለቀቀም። አራተኛው ክፍል ግን ሌላ ነው። ሚያዝያ አካባቢ አንድ ቀን አንዱ ልጅ ሳያስበው በስፓኒሽ ይቀልዳል፣ ሌላው ደግሞ በልቡ ሳይተረጉም ይስቃል። በዓመት አንዴ፣ ቢበዛ ሁለቴ። ለሎይስ ሀያ ዘጠኙ ዓመት የተሠራው ከዚያች ሳቅ ነው። ክፍሉ ከታጠፈ አሥራ አራቱ ልጆች ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ማዳመጫ ጆሮአቸው ላይ ሰክተው ኮምፒዩተር ፊት ይደረደራሉ፤ ለእሷ ደግሞ ሌላ አንደኛ ደረጃ ይሰጣታል። ሌላ «ስሜ እከሌ ነው»።

በሰባተኛው ክፍለ ጊዜ ልጆቹ እየተንጋጉ ገቡ። በትምህርት ቤቱ ልማድ ማንኛውም ልጅ አንደኛ ደረጃ በገባበት የመጀመሪያ ቀን ከብስኩት ጣሳ ውስጥ እጣ አንስቶ የስፓኒሽ ስም ያገኛል፤ ያ ስም አራቱን ዓመት አብሮት ይወጣል። የአሳማ አርቢው ልጅ ብራንት እዚህ ክፍል ውስጥ ፓኮ ነው። እናቱ እንኳ አንዳንዴ ተሳስታ ፓኮ ትለዋለች።

«ካንዴላሪያ» አላት ፓኮ አሥራ አምስተኛዋን ልጅ፣ ወንበሩን ወደ ኋላ አጋድሎ። «አንቺ ጣሳው ውስጥ እጅሽን ሳትከቺ ስም ያገኘሽ ዕድለኛ ነሽ። እኛ እኮ መጀመሪያ ቀን ስትገቢ ተገላገልን ብለን ነበር። ዓመቱን ሙሉ ካንቺ ልንገለብጥ! ጉድ ሠራሽን።»

ሳቁ። ካንዴላሪያም በትንሹ ሳቀች፤ ሰው ሁሉ ሲስቅ የሚሳቀውን ዓይነት ሳቅ። አሥራ ስድስት ዓመቷ ነው፤ አጭር፣ ጠይም፣ ፀጉሯን ጥብቅ አድርጋ የጎነጎነች። ከጓቲማላ ከመጣች ሁለት ዓመት ሆኗታል። የአራተኛ ደረጃውን ወፍራም መጽሐፍ እንደ ጸሎት መጽሐፍ በሁለት እጇ ይዛ ተቀመጠች፤ ደወሉ እስኪደወል ድረስም ገጹ አልተገለጠም።

ስትወጣ ሎይስ አስቆመቻት። «አባትሽን ነገ ላናግራቸው እፈልጋለሁ።»

«ሲ፣ ሴኞራ» አለች ልጅቷ። ከዚያ በእንግሊዝኛ ጨመረች፦ «ከቄራ የሚወጣው ዘጠኝ ተኩል ነው።»

በማግሥቱ፣ ረቡዕ፣ አቶ አንድሬስ ፓስኩዋል መጡ። ቁመታቸው ከልጃቸው ብዙም አይበልጥም። እጃቸው ታጥቦ ታጥቦ የተላጠ ሲሆን የክሎሪን ሽታ ነበረው። ቆባቸውን አውልቀው ጉልበታቸው ላይ አስቀመጡ። ሎይስ አስተርጓሚ አልፈለገችም ነበር። ሌላ አስተማሪ ሁሉ ስልክ ደውሎ አስተርጓሚ ሲለማመጥ እሷ ብቻ ከወላጅ ጋር ፊት ለፊት መነጋገር መቻሏ በዚህ ትምህርት ቤት የቀራት ኩራት ነው። የምትለውን ጠዋት መኪና ውስጥ አሰናድታዋለች። ልጅዎ ጎበዝ እንደሆነች አውቃለሁ፤ ክፍላችን ከእሷ ዕውቀት አንሶባት ይሆናል፤ ቢሆንም ሥራዋን ሳትሠራ ማርክ መስጠት ለእሷም አይበጅም። አሳምራ ተናገረችው። ሰውየው ከዓይኗ ይልቅ አፏን እያዩ አዳመጡ።

«ሲ፣ ሴኞራ» አሉ።

አባት ወደ ልጃቸው ዞሩና አንድ ነገር አሉ፤ ልጅቷ መለሰች፤ አባት ደገሙ። ሎይስ ጆሮዋን አቅንታ አንዲት ቃል ልትይዝ ሞከረች። አንዲትም አልተያዘላትም። ጉሮሮ ውስጥ እንደ ደረቅ ጭራሮ ቀጭ፣ ቀጭ የሚል ድምፅ ነበረው። ለአፍታ፣ በእርጅና ስፓኒሹ ከራሷ ውስጥ ተንኖ የጠፋ መሰላትና ደነገጠች።

«ይኼ ምንድን ነው የምታወሩት?» አለች በእንግሊዝኛ።

«ቃንኾባል» አለች ካንዴላሪያ። «የእኛ ቋንቋ ነው። የቤት።»

«ስፓኒሽስ?»

«ስፓኒሽ የገበያ ነው። የቢሮ ነው። እኔ ገበያ አልወርድም ነበር።» ልጅቷ እንግሊዝኛዋን ቀስ እያለች አወጣችው፤ ግን አልተደናቀፈባትም። «እዚያ ሦስት ዓመት ተምሬያለሁ። አስተማሪው ከከተማ ነው የሚመጣው፤ ዝናብ ከሆነ አይመጣም። ብዙ ጊዜ ዝናብ ነው። ሴኞራ፣ እንግሊዝኛ ይሻለኛል። ስፓኒሽ ከፓኮ ያነሰ ነው የማውቀው።»

«ታዲያ ለምን ለሚስተር ክሮፍት አልነገርሽውም?»

«ስጦታ ነው አለኝ። ሳትለፊ ኤ ታገኛለሽ አለኝ። በጣም ደስ ብሎት ነበር።» ልጅቷ ቆባቸውን የሚያዞሩትን የአባቷን እጅ አየች። «እዚህ ሰው ሁሉ እኔን ሲያይ በስፓኒሽ ነው የሚያናግረኝ። አልችልም ስል በዘሬ ያፈርኩ ይመስላቸውና ይቆጡኛል። ሲ ስል ይተዉኛል።»

አባት ንግግሩ የተቃና መሰላቸውና ወንበራቸውን ጠጋ አደረጉ። በራሳቸው ስፓኒሽ፣ ቃሉን አንድ አንድ እያሉ፣ ተናገሩ።

«እኔ ስፓኒሽ ከዚህ። ከቄራ። ቢላዋ። ፍጠን። ደም። ውሃ አምጣ። አሞኛል። ይኼን አውቃለሁ።» ሳቁ፤ ሁለት የላይ ጥርስ የላቸውም። «ሚስት ክሊኒክ ትሄዳለች። ልጅ በሆዷ። ስልክ ይመጣል፣ አስተርጓሚ፣ ስልኩ ስፓኒሽ። እሷ ‹ሲ› ትላለች። ሁሉን ‹ሲ›።»

«ክሊኒኩ ልጅ ማስተርጎም አይችልም ይላል» አለች ካንዴላሪያ። «ቃንኾባል የሚችል ሰው ደግሞ የላቸውም። እኔ ተምሬ ማታ ማታ እናቴን ላስተምራት ነበር ያሰብነው። ግን የእርስዎ ክፍል ሁሉ ነገር ከላይ ነው። መወጣጫው የት እንደሆነ አላገኘሁትም።»

«ከታች» አሉ አባት። መዳፋቸውን ወደ ወለሉ ዝቅ አድርገው አሳዩ። «ከታች ትጀምር። እባክዎ።»

ሎይስ ምን እንደመለሰች በኋላ ትዝ አላላትም። ተነስተው በሩ ጋ ሲደርሱ ልጅቷ ወደ ኋላ ዞር አለች።

«ሴኞራ፣ አሥራ አምስት መሆን አለበት ሲሉ ሰምቻለሁ። እስከፈለጉት ድረስ እቀመጣለሁ። መቀመጥ አያቅተኝም።»

በዚያን ቀን ሎይስ ወደ ቤቷ ከመሄድ ይልቅ መኪናዋ ውስጥ ቁጭ ብላ ቆየች። ትዝ ያላት የአምናው ቶማስ ነው። ሦስተኛ ደረጃ፣ የኋላ ወንበር፣ የሹራቡን ቆብ እስከ ቅንድቡ ያወረደ ልጅ። እሱም ከጓቲማላ ነበር። እሱም ባዶ ወረቀት ነበር የሚመልሰው። ሪፖርቱ ላይ በገዛ እጇ «ችሎታ እያለው በስንፍና የወደቀ» ብላ ጽፋለታለች። ልጁ በፀደይ ትምህርቱን ትቶ ቄራ ገባ አሉ። በምን ቋንቋ እንደሚያስብ አልጠየቀችውም። ዕድሜዋን ሙሉ ልጆችን ወደ አንድ በር ስትመራ ኖራ፣ ከበሩ ወዲያ ሌላ ቤት፣ ከዚያም ወዲያ ሌላ ቤት እንዳለ ልብ አላለችም። አለመማር አልነበረም፤ ደክሟት ነው። ቢሆንም ለቶማስ ይኼ ምን ይፈይድለታል?

ሐሙስ ጠዋት ዌንዴል ቢሮ ገባችና የመዘዋወሪያውን ቅጽ ጠረጴዛው ላይ አኖረች። «ካንዴላሪያ ፓስኩዋል፣ ከአራተኛ ደረጃ ወደ አንደኛ።»

«ቀልድሽን ነው።»

«ስፓኒሽ አትችልም። የቤታቸው ቋንቋ ሌላ ነው።»

ዌንዴል መነጽሩን አወለቀ። «ጓቲማላ ስትለኝ... እኔ እኮ ልጠቅማት ብዬ ነው፣ ሎይስ። ዓይኔን ግንባር ያድርገው።»

«አውቃለሁ። እኔም ስትንቀኝ ነው ብዬ ነበር።»

ኮሪደሩ ላይ አንድ ልጅ የቁም ሳጥኑን በር በኃይል ዘጋ።

«እሺ» አለ ዌንዴል በመጨረሻ። «ሰኞ አዛውራታለሁ። ዓርብ ይቆጠሩ፣ ሰኞ ትዘዋወራለች። ማንም አይጎዳም።»

«የመዘዋወሪያው ቀን ዓርብ እኩለ ቀን ላይ ያበቃል። ሰኞ ካልከው እስከ ጥር መጠበቅ ነው። ማስታወቂያውን የጻፍከው አንተ ነህ።»

«እስከ ጥር ምን አላት? አንቺው በምሳ ሰዓት ታስጠኛታለሽ።»

ይህን ሐሳብ ሎይስ ሌሊቱን ሙሉ ስታገላብጠው አድራለች። ምሳ ሰዓት፣ ሀያ ደቂቃ፣ ሳንድዊች በእጅ ይዞ። ለሁለት ሳምንት ትበረታለች። ከዚያ ስብሰባ ይመጣል፣ እርማት ይመጣል፣ ጉንፋን ይመጣል። ራሷን ታውቃለች። ልጅቷም «ሲ፣ ሴኞራ» ትላታለች።

«እናቷ ጥር ሳይገባ ትወልዳለች» አለች። «ፈርምበት።»

«የምታደርጊውን ታውቂያለሽ አይደል? አሥራ አራት ነው የሚሆነው። ፓኮን፣ ሁሉንም፣ ቤተ መጻሕፍት ነው የምትከቻቸው። አራት ዓመት አብረውሽ የወጡ ልጆች።»

«አውቃለሁ።»

«ቢያንስ ይቆጭሽ፤ አንድ ነገር በይ።»

«ምን ልበል? ደክሞኛል፣ ዌንዴል። ፈርምበት።»

ፈረመ። ቅጹን ሲሰጣት እጇን ለአፍታ ያዝ አድርጎ ለቀቃት።

ዓርብ ጠዋት፣ በሁለተኛው ክፍለ ጊዜ፣ ካንዴላሪያ ከአሥራ አራት ዓመት ልጆች መካከል ገብታ ተቀመጠች። ሎይስ ጣሳውን ይዛ ቆመች፤ የዘገዩ ተማሪዎች ሲመጡ እጣ ማስነሳት ልማዷ ነው። ልጅቷ ጣሳውን አየችና ራሷን ነቀነቀች።

«ስም እንኳ አለኝ፣ ሴኞራ።»

«እውነትሽን ነው» አለች ሎይስ፤ ጣሳውን መልሳ ከደነችው። ከዚያ ለስልሳኛ ይሁን ለመቶኛ ጊዜ ሰሌዳው ላይ «ስሜ» ብላ ጻፈች። ዞር ስትል ካንዴላሪያ ጎንበስ ብላ ስትጽፍ አየቻት። ወረቀቱ እየሞላ ነበር።

ከሰዓት በሰባተኛው ክፍለ ጊዜ አራተኛ ደረጃዎቹ ስለ ነገሩ ምንም አልሰሙም ነበር። ሎይስ ሰኞ ልትነግራቸው ወስናለች፤ አንድ ትምህርት በሰላም ብታስተምር ምን አለበት ብላ። የምኞት ግሶችን ሰሌዳው ላይ እየደረደረች ሳለ ልጆቹ ነገ ከጎረቤት ከተማ ጋር ስላለው የእግር ኳስ ግጥሚያ ይከራከራሉ።

«አንድ ጊዜ እንኳ ቢያሸንፉን አሳማዬን እበላዋለሁ» አለ ፓኮ።

«አሳማህን ሁልጊዜም ትበላዋለህ» አለችው ከፊቱ ያለችው ልጅ።

በሩ ተከፈተ። ካንዴላሪያ ናት፤ ወፍራሙን የአራተኛ ደረጃ መጽሐፍ በሁለት እጇ ይዛለች። በግድግዳው ጥግ አልፋ መደርደሪያው ጋ ሄደች፤ ሌሎቹ እዚያው ከሚተዉአቸው አሥራ አራቱ ጎን በነበረው ክፍት ቦታ አስገባችው፤ ወጣ ያለውን ጫፉን በጣቷ ገፋ አድርጋ አስተካከለችው።

«በስፓኒሽ» አለች ሎይስ ሳትዞር። «ኳሱን በስፓኒሽ ተከራከሩ።»

ፓኮ ጉሮሮውን ጠራረገ። ስለ አሳማው የሆነ ነገር በስፓኒሽ አለ፤ ፈጣን፣ ግማሹ የተሳሳተ። አንዷ ልጅ ሳትጠብቀው ከት ብላ ሳቀች፤ ከዚያ ሌላው፤ ከዚያ የኋላ ወንበር በሙሉ። ሚያዝያ አልነበረም፤ ገና ነሐሴ ማለቁ ነው። ሎይስ ጠመኔውን እንደያዘች ቆማ አዳመጠች።

ካንዴላሪያ በሩን እንዳይጮኽ ይዛ ከፈተችው፤ ወጥታም ቀስ አድርጋ መለሰችው።