በባሕሩ ግንብ ላይ የተጠመደው ቱቦ

ከቡዳይ ከተማ ወረድ ብላ፣ በዓሣ ኩሬዎችና በባሕሩ መካከል በተሰነቀረችው መንደር፣ ፓን ጂንታይን የሚያምን ሰው አልነበረም። ጂንታይ ዛጎል ፈልፋይ ነው፤ የባሕር ዛጎል በቢላዋ እየከፈተ የሚበላውን ሥጋ ያወጣል። ሥራው እጅን እንጂ አፍን ስለማይፈልግ፣ አፉ ሥራ ፈትቶ ይውልና የራሱን ሥራ ይፈጥራል። አንድ ጊዜ ሳቢሳ የምትባለው ወፍ ኮፍያውን ነጥቃው፣ እንቁላል ጥላበት፣ ጫጩቶቿን አሳድጋበት፣ በመጨረሻ አጥባ እንደመለሰችለት ተናግሯል። "አጥባ" የምትለዋን ባይጨምር ኖሮ አንድ ሁለት ሰው ያምነው ነበር።

ከውሸቱ ቀጥሎ የሚወደው ወፍ ነው። በየማለዳው የሻይ ብርጭቆውን ይዞ ጣራ ላይ ይወጣል፤ አንድ ዓይኑ የጠፋ የሩቅ መነጽሩን በደህናው በኩል ያነሳና ኩሬውን፣ የተተወውን የሩዝ ማሳ፣ ከዚያ ወዲያ ባሕሩን ይቃኛል። ማን እንደመጣ፣ ማን እንደሄደ፣ የማን ሚስት ከማን ጋር እንደበረረች ያውቃል።

በዚያ ጸደይ ከቤቱ ጀርባ፣ ሣር በዋጠው ማሳ ውስጥ፣ ባለነጭ ኩል ጎጆ ሠራ። ይህ ወፍ ዓይኑ ዙሪያ በነጭ ኩል እስከ ጆሮው ተስሎ የወጣ ሙሽራ ይመስላል። እንቁላል የሚታቀፈውም ወንዱ ነው። ሴቷ ትጥልለትና ሌላ ባል ፍለጋ ትሄዳለች።

"ብልህ ናት" አለች ሚስቱ ሱዩን፣ መነጽሩን ተቀብላ ካየች በኋላ። "እኔ ይህን ሳላውቅ ሦስት ልጅ አሳደግኩ።"

"እኔስ አልታቀፍኩም?"

"አንተ አልጋውን ነው የታቀፍከው።"

ጂንታይ ይህን ወፍ ለማንም አልተናገረም። ለእሱ ይህ ትንፋሽ ይዞ ባሕር ሥር እንደመዋል ነበር። ግን ባለመድፎቹን ይፈራል። ባለመድፎች የሚባሉት በየበዓሉና በየእሑዱ ከከተማ የሚመጡ ወፍ አንሺዎች ናቸው፤ የካሜራቸው ሌንስ ክንድ ያክላል፣ ዥጉርጉር የወታደር ጨርቅ ለብሶ በሦስት እግር ላይ ይጠመዳል። ባለፈው ዓመት ከጎረቤት ደጅ ጠጠር ላይ የታቀፈች ወፍ አግኝተው፣ ፎቶው እንዲጠራ ብለው ከልሎ የያዛትን ሣር ነጩባት። ቀትር ላይ ፀሐዩ፣ ወደ ማታ ውሻ፣ ጎጆውን ጨረሱት። ጂንታይ ያን ሰሞን ለቀናት አንድም ውሸት አልወጣውም፤ መንደሩ ሐኪም ሊጠራለት ነበር።

አሁን ደግሞ የባለመድፎቹ አውራ፣ ጋሽ ፋንግ፣ ዛጎል ሊገዛ መጣ። ፋንግ ድሮ ባቡር ላይ ትኬት ይቆርጥ ነበር፤ ጡረታ ከወጣ በኋላም ሰውን ሁሉ ትኬት እንደሌለው አድርጎ ነው የሚያየው።

"ትናንት ሲመሽ እዚህ ጀርባ አንድ ነገር ሲጮህ ሰማሁ" አለ። "ባዶ ጠርሙስ አፍ ላይ እንደመንፋት ያለ።"

"ባዶ ጠርሙስ ላይ የምነፋው እኔ ነኝ" አለ ጂንታይ።

"እሺ። ነገ ከልጆቹ ጋር መጥተን እንሰማሃለን።"

ሰውዬው ሲሄድ ጂንታይ ሚስቱን ጠራ። እንቁላሎቹ ዛሬ ነገ የሚፈለፈሉ ናቸው፤ ጫጩቶቹ ደግሞ ላባቸው እንደደረቀ እግር አውጥተው ጎጆውን ይለቃሉ። የሚያስፈልገው አንድ ቀን ነው። ግን ምን ይበላቸው? "ወፍ የለም" ቢል፣ ጂንታይ የለም ካለማ አለ ብለው ይገባሉ። "ሌላ ቦታ አለ" ቢል ማን ሰምቶት።

"አፍህን እርሳው" አለች ሱዩን። "እነዚያ ሰዎች መቼ ጆሮ አላቸው? እግር ነው የሚከተሉት። ሦስት እግር የቆመበት ይቆማሉ።"

እውነቷን ነው። በባለመድፎች ዘንድ፣ ተጠምዶ ያገኙት ሰው አጠገብ ይጠመዳል እንጂ "ምን አለ?" ተብሎ አይጠየቅም። የጠየቀ ዓይን እንደሌለው መሰከረ ማለት ነው።

ጂንታይ የዛጎል መረብ የሚያሰጣበትን ሦስት እግር አወረደ፤ ከጓሮ የተረፈ የውሃ ቱቦ አሰረበት፤ የልጁን የውትድርና ሱሪ አንድ እግር ቆርጦ ቱቦውን አለበሰው። ሲነጋ ከመንደሩ ራቅ ብሎ፣ የባሕሩ ግንብ ላይ፣ ማዕበሉ ሸሽቶ ወደተገለጠው ጭቃ አነጣጥሮ ጠመደና ዝም ብሎ ተቀመጠ።

መጀመሪያ በሞተር ሳይክል የሚያልፍ አንድ ባለመድፍ ፍሬን ያዘ። ቱቦውን አየ፣ ጂንታይን አየ፣ ጭቃውን አየ፤ ወረደና ጠመደ። ቀጥሎ ሁለት መጡ። ከዚያ ጋሽ ፋንግ ልጆቼ የሚላቸውን፣ ታናሻቸው ስድሳ ያለፈውን፣ አስከትሎ ወደ ማሳው ሲያመራ ግንቡን አየና መኪናውን ጠመዘዘ። ረፋዱ ላይ ግንቡ የጦር ግንባር መሰለ።

ማንም አልጠየቀም። ሁሉም ጭቃውን ያያል፣ ፔርሙሱን ይከፍታል፣ ይዘጋል። በመጨረሻ አንዱ ጣቱ አላስቀምጥ ብሎት ካሜራውን አስጮኸ። የቀሩትም ሁሉ ተከትለው ካሜራቸውን አስጮኹ።

"ጭቃው ላይ ከተተከለችው ቀርከሃ በስተግራ" አለ አንዱ።

"አሁን ዝቅ አለ" አለ ሌላው።

"አንገቱ ላይ ያለችው መስመር ታምራለች" አለ ጋሽ ፋንግ ረጋ ብሎ።

ጂንታይ በሕይወቱ እንዲህ ያለ ቅናት ተሰምቶት አያውቅም። ዕድሜውን ሙሉ ሲዋሽ ማንም አላመነውም፤ ዛሬ ዝም ሲል ሰዎቹ እየዋሹለት ነው፣ ያውም አሳምረው።

እኩለ ቀን ሲቃረብ ጋሽ ፋንግ ከወንበሩ ተነሥቶ መጣና "እስቲ በአንተ ልይ" አለ። መልስ ሳይጠብቅ ጎንበስ ብሎ ዓይኑን ቱቦው ላይ አደረገ። የባለመድፎቹ ዓይን ሁሉ ጀርባው ላይ ነው። ቱቦው ውስጥ ከወዲያ ጫፍ የምትታይ ክብ የጭቃ ቁራጭና የበሰበሰ ዛጎል ሽታ ብቻ ነበር።

ፋንግ ቀና አለ። የመስመሯን ማማር ቀድሞ ተናግሯል፤ አሁን ምን ይበል?

"በደንብ ያሳያል" አለ ጮክ ብሎ። ከዚያ ጂንታይ ጆሮ ሥር ጠጋ ብሎ "ምንድን ነው የምትደብቀው፣ አንተ ሌባ?" አለው።

ጂንታይ ውሸት ፈለገ። ጠዋቱን ሙሉ ዝም በማለቱ አፉ ዝጎ ኖሮ፣ የወጣው እውነቱ ነው። "ከቤቴ ጀርባ ባለነጭ ኩል ታቅፏል።"

ጋሽ ፋንግ ትኬት የሌለውን እንደሚያይ አድርጎ አየው። ሰፊ ፈገግታ ቀስ ብሎ ፊቱን ሸፈነው።

"ገባኝ" አለ። "ቱቦ የጠመድከው፣ የተጠጋ ሁሉ ቀልድ ነው ብሎ እንዲሄድ ነው። ያልሄደውን ደግሞ ወደ ቤትህ ልትልክ። እዚህ ያለውን ወፍ ብቻህን ልታየው ፈልገህ። ጭቃው ላይ ምን እንዳለ እስካይ በባሕር እመቤት በማዙ እምላለሁ ንቅንቅ አልልም።" ወንበሩን አምጥቶ ጂንታይ እግር ሥር ተከለ።

ወዲያው ሱዩን የባሏን ምሳ በሞተር ሳይክል አመጣች። የዓሣ ገንፎውን ስታቀብለው ድምጿን ቀንሳ "ወጥተዋል። ላባቸው እየደረቀ ነው" አለችው።

የጂንታይ ልብ ቀድማው ቤት ገባች። ግን እግሩ ቢነሣስ ማን ይከተለው ይሆን? ገንፎውን ሁለቴ ጎረሰና ወደ ፋንግ ዞሮ "ጋሼ፣ ደክሞኛል፣ ወደ ቤት ልሂድ። ይህችን ጠብቅልኝ" አለው።

"ሂድ፣ ሂድ" አለ ፋንግ፣ ዓይኑን ከጭቃው ሳይነቅል። "እኔን አታነቃንቀኝም።"

ባልና ሚስት ሞተር ሳይክሉን ደጅ አጋድመው ጣራ ላይ ወጡ። የመነጽሩን አንድ ደህና ዓይን እየተሻሙ አዩ። አባትየው ከሣሩ ወጣ፤ ቆመ፤ ነጭ ኩሉን ወደ ግራ ወደ ቀኝ አዞረ። ከኋላው በቀጭን ቀጭን እግር የሚሄዱ አራት የጥጥ ኳሶች ወጡ። አንዲት ጠባብ ቦይ ላይ ሲደርሱ አንዱ ዘሎ ውሃ ውስጥ ወደቀ፣ ተንፈራግጦ ወጣ። አባትየው ጠበቀው። ከዚያ ሁሉም ሸምበቆው ውስጥ ገቡ፤ ሸምበቆው ጥቂት ተወዛወዘና ተዘጋ።

"ባዶ ማሳ" አለች ሱዩን። "አሁን ይምጡ።"

በማግስቱ በዛጎል መፈልፈያው ዳስ ጂንታይ ቢላዋውን እያሠራ ነገሩን ሁሉ ሳይጨምር ሳይቀንስ ተረከ። ሴቶቹ እስከ መጨረሻው በትዕግሥት ሰሙት።

"ከዚያስ?" አለች ወይዘሮ ጪው፣ ከሁሉም ቀድማ የምትስቀው።

"ከዚያማ ሸምበቆ ውስጥ ገቡ።"

"በቃ?"

"በቃ።"

"አባትየው አልተናገረም? ኮፍያ አላደረገም?"

"ወፍ እኮ ነው።"

ወይዘሮ ጪው አዘነችለት። "አርጅተሃል፣ ጂንታይ። ያቺኛዋ ሳቢሳህ እንኳ ታጥብ ነበር።"

ሱዩን ከዳሱ ጥግ የያዘችውን ዛጎል ባልዲ ውስጥ ጣለችና "እውነቱን ነው። እኔም በዓይኔ አይቻለሁ" አለች።

ቢላዋዎቹ ሁሉ ቆሙ። ሱዩን ከተወለደች ጀምሮ የዛጎል ክብደት እንኳ አጋንና የማታውቅ ሴት ናት። ወይዘሮ ጪው ራሷን ነቀነቀች።

"ወይ ጉድ፣ ሱዩን" አለች። "አንቺንም ለከፈሽ።"

ዳሱ በሳቅ ተናጋ። ሱዩን ልትቆጣ ፈለገች፣ አልሆነላትም፤ ባሏን በክርኗ ጎሸም አደረገችውና ከሁሉም አብልጣ ሳቀች።